«በጣም ደስ ይላል፣ እንገናኛለን» ብለው የሚጠፉት ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ «የምሠራው አዳማ ነው። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ስታርትአፕ መሥርተናል። ትንንሽ ሱቆች ዘይት፣ ስኳር፣ ፓስታና ሳሙና በቴሌግራም ያዙናል። እኛ ዕቃውን ከአከፋፋይ አንስተን በማግስቱ በባጃጅ እናደርስላቸዋለን። ከአከፋፋዩ 3 በመቶ ኮሚሽን እንወስዳለን። 140 ሱቆች ተመዝግበዋል፤ ባለፈው ወር ያዘዙት 38 ናቸው። ወርሃዊ ገቢያችን 1 ሚሊዮን ብር አልፏል። በአንድ ውድድር ሁለተኛ ወጥተናል። ከዚያ በኋላ ግን ሁለት ኢንቨስተሮች ፊት ቀርበን ሁለቱም ‹በጣም ደስ ይላል፣ እንገናኛለን› ብለው ጠፉ። ለ10 በመቶ ድርሻ 5 ሚሊዮን ብር ነው የጠየቅነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሌላ ቦታ 5 ደቂቃ ተሰጥቶናል። ስላይዳችን 24 ገጽ ነው። እንግሊዝኛዬ ስለማይፈስ ይሆን? አቀራረቤን እንዴት ላሻሽል ይሉኛል? ሐሳባችንን እንዳይሰርቁን ቀድመን ውል ማስፈረም አለብን? ሦስተኛው መሥራች ባለፈው ዓመት ዱባይ ሄዷል፤ እሱስ ችግር ያመጣል?»

መልስ፦ እንግሊዝኛህ አይደለም። አቀራረብህም አይደለም። ውድድር ላይ ሁለተኛ የወጣ ሰው መናገር አያቅተውም። ችግሩ ስላይድህ ላይ በትልቁ የተጻፈው «ወርሃዊ ገቢ 1 ሚሊዮን ብር» የሚለው መስመር ነው።

ከጥያቄህ ጋር በላክኸው ሠንጠረዥ መሠረት አንድ ሱቅ በወር 6 ጊዜ ያዛል። አንዱ ትእዛዝ በአማካይ 4,500 ብር ነው። 38 ሱቆች 228 ጊዜ አዘዙ፤ ድምሩ 1,026,000 ብር ሆነ። ይህ ገንዘብ ግን የአከፋፋዩ ነው። በእጅህ አለፈ እንጂ ያንተ አልሆነም። ያንተ ገቢ 3 በመቶው ነው። እሱም 30,780 ብር።

ፊትህ የተቀመጠው ሰው ይህን ስሌት በልቡ ይሠራዋል። 3 በመቶ ስትል ሰምቷል፣ 1 ሚሊዮን የሚለውንም አይቷል። ከዚያ ከሁለት አንዱን ያስባል። ወይ ይህ ልጅ ሽያጭና ገቢ አይለይም፤ ወይ ይለያል፣ ግን እኔ የማልለይ መስሎታል። በሁለቱም መንገድ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ፊት ለፊት ግን አይነግርህም። ይሉኝታ አለ። ወጣት ነህ፣ ደክመህ መጥተሃል፣ ቅስምህን መስበር አይፈልግም። ስለዚህ «በጣም ደስ ይላል፣ እንገናኛለን» ይልሃል። በኛ አገር ይህ አባባል ብዙ ጊዜ «አይሆንም» ማለት ነው።

140 የሚለው ቁጥርም እንዲሁ ነው። የተመዘገበ ሱቅ ማለት አንድ ቀን ስልክ ቁጥሩን የሰጠህ ሱቅ ነው። 38ቱ ደግሞ ባለፈው ወር ገንዘብ ያወጡ ናቸው። 38 ትንሽ መስሎህ እንደምታፍርበት ይገባኛል። አትፈር። በወር 6 ጊዜ ተመላልሶ የሚያዝ 38 ሱቅ፣ ተመዝግቦ ከጠፋ 1,000 ሱቅ ይበልጣል። ደግሞም 140 ብለህ ጀምረህ በጥያቄ ሲያፋጥጡህ ወደ 38 ብትወርድ፣ ከዚያ በኋላ የምትናገረውን ቁጥር ሁሉ በጥርጣሬ ነው የሚሰሙት።

አሁን ወደ ፒቹ፣ ማለትም ገንዘብ ለመጠየቅ ወደምታቀርበው አጭር ገለጻ። ብዙ ሰው ፒች ማለት አዳራሹን ማሳመን ይመስለዋል። ውድድር ላይ እውነት ነው። ዳኛው ነጥብ ይሰጣል፣ ጭብጨባ አለ፣ በዚያው ቀን ያልቃል። ኢንቨስተር ፊት ግን የሚሰማህ ሰው ብዙውን ጊዜ ብቻውን አይወስንም። ቢሮው ይመለሳል። ለሸሪኮቹ ወይም ለሚስቱ ያወራል። አንተ እዚያ የለህም። ስለዚህ የ5 ደቂቃው ሥራ አንድ ብቻ ነው፦ ያ ሰው ሥራህን ሳያዛባ ለሌላ ሰው መልሶ እንዲናገርልህ ማድረግ።

እኔ ከመሥራቾችም ከኢንቨስተሮችም ጎን ተቀምጬ አውቃለሁ። አንድ ጊዜ ስድስት ቡድኖች ካቀረቡ በኋላ ምሳ ላይ ወሬው ስለ አንደኛው ቡድን ሆነ። ልጆቹ ጎበዞች ነበሩ፣ ሁላችንም ወደናቸዋል። ግን አንዱ «የጭነት ሥራ ነው» አለ። ሌላው «የለም፣ ሶፍትዌር ነው የሚሸጡት» አለ። ሦስተኛው የብድር አገልግሎት መስሎት ነበር። ምሳው አለቀ፣ ወሬውም አለቀ። ማንም ክፉ አላሰበባቸውም። የሚከራከርላቸው ሰው ግን አላገኙም። ይህ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ሥራቸው ጥሩ ነበር።

መልሶ የሚነገር ፒች ከአንድ ሱቅ ይጀምራል። ባንተ ሥራ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ነገር ስለሌለ እዚህ ላይ ልቆይ። አንድ ሱቅ በወር 27,000 ብር ያዛል። 3 በመቶው 810 ብር ነው። ለባጃጅ በትእዛዝ 70 ብር ትከፍላለህ፤ ለ6 ትእዛዝ 420 ብር። ለስልክና ለሚፈስ፣ ለሚቀደድ ዕቃ 60 ብር ይዘሃል። የሚቀርህ 330 ብር ነው። አንድ ሱቅ በወር ለድርጅትህ የሚያመጣው ይህን ያህል ነው። ይህን ቁጥር እንደ ስምህ እወቀው።

ቀጥሎ ሱቁን ለማምጣት ስንት አወጣህ? የሽያጭ ሠራተኛህ በወር 9,000 ብር እየተከፈለው 12 የሚያዙ ሱቆች ያመጣል። አንዱ ሱቅ 750 ብር ፈጀ ማለት ነው። በወር 330 እየመለሰ ከሁለት ወር በላይ ትንሽ ይወስዳል። ይህ መጥፎ አይደለም፤ እንዲያውም ጥሩ ነው። ግን አንድ የጎደለ ነገር አለ። ሠንጠረዥህ ላይ ሱቆቹ ስንት ወር አብረውህ እንደሚቆዩ አልተጻፈም። በሁለተኛው ወር የሚተውህ ሱቅ 660 ብር ሰጥቶህ 750 አስወጥቶሃል። አሥር ወር የቆየው 3,300 ሰጥቶሃል። ሥራህ ያዋጣል ወይስ አያዋጣም የሚለው የሚታወቀው እዚህ ጋ ነው። ዛሬውኑ የመጀመሪያዎቹን 20 ሱቆች ዝርዝር አውጣና እስካሁን የሚያዙትን ቁጠር። የቀሩትን ደውለህ ለምን እንደተዉህ ጠይቅ። መልሱ መጥፎ ቢሆንም ከኢንቨስተሩ በፊት አንተ ብታውቀው ይሻላል።

ከዚያ ትልቁን ስሌት አምጣ። ከሽያጭ ሠራተኛው ውጭ በወር 120,000 ብር ቋሚ ወጪ አለብህ። በ330 ሲካፈል 364 ሱቅ ይሆናል። 364 ንቁ ሱቅ ሲኖርህ ድርጅቱ ራሱን ይችላል። እዚህ ላይ የባጃጁን 70 ብር ተመልከት። ከኮሚሽንህ ግማሹን የበላው እሱ ነው። ሱቆችህ ተቀራርበው አንድ ባጃጅ በአንድ ዙር አምስት ሱቅ ቢያደርስና ዋጋው ወደ 45 ብር ቢወርድ፣ ከአንዱ ሱቅ የሚቀርህ 480 ብር ይሆናል። ያኔ የሚያስፈልግህ 364 ሱቅ ሳይሆን 250 ነው። ዴክህ (የስላይዶችህ ስብስብ) ላይ «በሁለት ዓመት 10 ከተማ» የሚል ካርታ አለ። እኔ ብሆን ዛሬ እሰርዘዋለሁ። ያንተ ትርፍ ያለው አዲስ ከተማ ውስጥ አይደለም። አዳማ ውስጥ፣ አንድ መንገድ ግራና ቀኝ ነው። ይህን ስትናገር ኢንቨስተሩ ቀና ይላል፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ብቻ የሚናገረው ነገር ነውና።

ስለምትጠይቀው ገንዘብ። 5 ሚሊዮን ለ10 በመቶ ስትል ድርጅትህ ገንዘቡ ከገባ በኋላ 50 ሚሊዮን ብር ያወጣል እያልክ ነው። ከመግባቱ በፊት ደግሞ 45 ሚሊዮን። የዓመት ገቢህ ባለፈው ወር መጠን ቢሰላ 369,360 ብር ነው። ከ130 እጥፍ በላይ ጠይቀሃል። ገቢህን 1 ሚሊዮን እያልክ ስለምታስብ አልታየህም እንጂ፣ ስድብ የሚመስል ዋጋ ነው። ደግሞ 5 ሚሊዮን ለምን? የ18 ወር ቋሚ ወጪህ 2,160,000 ብር ነው። ግብህን 600 ሱቅ ብታደርግ 562 ሱቅ ይቀርሃል፤ በ750 ሲባዛ 421,500 ብር። ድምሩ 2,581,500። ለሚተዉህ ሱቆች መተኪያና ለዋጋ ንረት መጠባበቂያ ብትጨምርበት 3 ሚሊዮን ብር ይበቃሃል። ስለዚህ 3 ሚሊዮን ጠይቅ። «በ18 ወር 600 ንቁ ሱቅ እንደርሳለን፤ 364ኛው ላይ ራሳችንን እንችላለን» በል። ወደ 600 ስትጠጋ ሰው መጨመር ሊኖርብህ ይችላል፤ ቋሚ ወጪው ያድጋል። ሲጠይቁህ ይህንንም አትደብቅ።

ድርሻውን ስላይድ ላይ አትጻፈው። መጠኑንና የሚያመጣውን ውጤት ብቻ ጻፍ። መቶኛው የድርድር ጉዳይ ነው፤ ቀድመህ ስትጽፈው ወይ ራስህን ታረክሳለህ ወይ በር ትዘጋለህ። በልብህ ግን ገደብ ያዝ። ባንተ ደረጃ ላለ ድርጅት ከ15 እስከ 20 በመቶ ለመነጋገር ዝግጁ ብትሆን አግባብ ነው እላለሁ። 40 በመቶ የሚጠይቅ ከመጣ፣ ዘመድም ቢሆን፣ እምቢ በል። ለሚቀጥለው ኢንቨስተር የሚሆን ቦታ አይተርፍህም፤ አንተም በገዛ ድርጅትህ ተቀጣሪ ሆነህ ትቀራለህ።

ሌላ አንድ ወጥመድ አለ፤ እኛ አገር በተለይ። ዴክህ ላይ ያለው የዕድገት መስመር በብር ነው። የውጭ ምንዛሬ በገበያ ዋጋ እንዲተመን የተደረገው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። በዋዜማው አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ዘይት የምትሸጥ ከሆነ አንድ ሱቅ ሳትጨምር ሽያጭህ በብር ሊያድግ ይችላል። ይህን የማያውቅ ኢንቨስተር የለም። ዕድገትህን በትእዛዝ ቁጥርና በካርቶን አሳይ። «በመስከረም 90 ትእዛዝ ነበር፣ አሁን 228 ነው» ዓይነት ዐረፍተ ነገር እንደ የዋህነት ሳይሆን እንደ ማስረጃ ይሰማል። የመስከረሙን ትክክለኛ ቁጥር አንተ ታውቀዋለህ።

«ተወዳዳሪ የለንም» የሚለውን ስላይድ አውጣው። ተወዳዳሪህ ጅምላ ሻጩ ነው። ባለሱቁን ለዓመታት ያውቀዋል፣ ልጁ ሲዳር ሠርግ ጠርቶታል፣ ከሁሉም በላይ ዱቤ ይሰጠዋል። አንተ ዱቤ አትሰጥም። «ታዲያ ለምን ካንተ ይገዛል?» ብለው ይጠይቁሃል። መልስህ ከ38ቱ ባለሱቆች አፍ መምጣት አለበት። ምናልባት ሱቁን ዘግቶ ግማሽ ቀን ማባከን ሰልችቶት ይሆናል። ምናልባት ሱቁን ብቻዋን የምትጠብቅ እናት ትሆናለች። ጠይቅና ቃላቸውን እንዳለ ይዘህ ግባ። «እኛም ዱቤ እንጀምራለን» ብለህ ግን እንዳትመልስ። ያን ያልክ ቀን ሥራህ ማድረስ መሆኑ ቀርቶ ዕዳ ማስመለስ ይሆናል፤ 330 ብር የሚቀረው ሰው አንድ የማይከፈል 4,500 ብር ለመሸፈን 14 ወር ያስፈልገዋል።

ከአገር ውጭ የተሞከረውንም እወቅ። በኬንያ የጀመረው ዋሶኮ ይህንኑ ሥራ በትልቁ ሠርቶታል። በ2022 እ.ኤ.አ. 125 ሚሊዮን ዶላር ሰበሰበ። በ2024 ከግብፁ ማክስኤቢ ጋር ተዋሐደ። ሌላው የኬንያ ኩባንያ ማርኬትፎርስ፣ ሬጃሬጃ ይባል የነበረውን የሱቅ አቅርቦት ሥራውን በዚያው ዓመት ዘጋ። የዚህ ሥራ ትርፍ ስስ ነው፤ ማድረሻው ይበላዋል። አፍሪካን የሚከታተል ኢንቨስተር ሁሉ ይህን ታሪክ ያውቃል፣ ስለዚህ ይጠይቅሃል። «እነሱ ብዙ ከተማና ብዙ አገር ገቡ፣ እኛ ባጃጁ በአንድ ዙር አምስት ሱቅ እስኪያደርስ ከአዳማ አንወጣም» የሚል መልስ ካለህ፣ አስፈሪው ጥያቄ ያንተ ምርጥ ደቂቃ ይሆናል።

አምስቱ ደቂቃዎች። ስለ ኢትዮጵያ ሕዝብ ብዛት፣ ስለ ስልክ ተጠቃሚ ቁጥር፣ ስለ ዲጂታል ኢኮኖሚ የሚያወሩትን አራት ስላይዶች ጣላቸው። የሚሰማህ ሰው እዚሁ አገር ነው የሚኖረው። እኔ ብሆን እንዲህ እጀምራለሁ፦ «አዳማ ውስጥ አንድ ባለሱቅ ዘይት ሲያልቅበት ሱቁን ዘግቶ ጅምላ ቤት ይሄዳል። ግማሽ ቀን ገበያ ያጣል። እኛ በስልክ ያዘዘውን በማግስቱ ሱቁ እናደርስለታለን፤ አከፋፋዩ 3 በመቶ ይከፍለናል። ባለፈው ወር 38 ሱቆች 228 ጊዜ አዘውናል።» ይህ ከግማሽ ደቂቃ አይበልጥም። ከዚህ በኋላ የወጣ ሰው እንኳ ምን እንደምትሠራ ለሚስቱ መናገር ይችላል። ቀጥሎ የአንዱ ሱቅ ሒሳብ፣ 330 ብሯ። ቀጥሎ 364 እና 250። ቀጥሎ ጅምላ ሻጩና ዋሶኮ። ቀጥሎ እናንተ እነማን ናችሁ፤ በተለይ አባትህ ባለሱቅ ከነበረ ወይም ጓደኛህ አከፋፋይ ቤት ሠርቶ ከሆነ ይህን አትዝለለው። መጨረሻ ላይ 3 ሚሊዮንና 600 ሱቅ። አራት ደቂቃ ተኩል ላይ ጨርስ። ሰዓት አልቆበት የሚቋረጥ ሰው የሚቆረጥበት ሁልጊዜ ገንዘቡን የሚጠይቅበት ቦታ ነው።

24 ገጹን በተመለከተ አንድ የማይረሳኝ ቁጥር አለ። ዶክሴንድ የሚባል የሰነድ መላኪያ ኩባንያ በ2015 እ.ኤ.አ. 200 ያህል ስታርትአፖች የላኳቸውን ዴኮች ተከታትሎ ነበር። ኢንቨስተሮች አንዱን ዴክ የተመለከቱት በአማካይ 3 ደቂቃ ከ44 ሴኮንድ ነው። 24 ገጽ ላይ ሲካፈል ለአንዱ ገጽ አሥር ሴኮንድ እንኳ አይደርስም። ለመድረክ 7 ወይም 8 ስላይድ፣ በየአንዱ ላይ አንድ ሐሳብና አንድ ቁጥር። በኢሜይል የምትልከው ሌላ ይሁን፤ እሱ አንተ ሳትኖር ስለሚነበብ ማብራሪያ ይኑረው፣ ግን ከ12 ገጽ አይለፍ። ሁለቱን አንድ ማድረግ ነው 24 ያደረሰህ።

ቋንቋውን የሚወስነው የሚሰማህ ሰው ነው። አዳራሹ አማርኛ የሚሰማ ከሆነ በአማርኛ ተናገር። ስላይዱ በእንግሊዝኛ ቢሆን ግድ የለም፤ ለሌላ ሰው ሊላክ ይችላልና። በማታስብበት ቋንቋ ስትናገር በቃል የያዝከውን ትደግማለህ፤ ጥያቄ ሲመጣ ግን ትጠፋለህ። ኢንቨስተር ደግሞ የሚመዝንህ በጥያቄው ሰዓት ነው። የውጭ ሰው ካለ አጭር እንግሊዝኛ ተጠቀም፣ ሳይገባህ አትመልስ፣ «ጥያቄውን ይድገሙልኝ» ማለት አያሳፍርም።

ሚስጥር የሚያስጠብቅ ውል አታስፈርም። በመጀመሪያ ስብሰባ ይህን የሚፈርም ኢንቨስተር አታገኝም ማለት ይቻላል። በየሳምንቱ ተመሳሳይ ሐሳብ ይሰማል፣ ራሱን በውል ማሰር አይፈልግም። ዕቃ በስልክ ማዘዝ ደግሞ ሚስጥር አይደለም። ሚስጥርህ የሱቆቹ ስምና ስልክ፣ አከፋፋዩ ጋ ያለህ ዋጋ ነው። እሱን ስላይድ ላይ አታድርገው፣ ጉዳዩ ቁም ነገር ላይ ሲደርስ ያኔ በውል ታሳያለህ።

ከውጭ ገንዘብ የሚጠብቁ ልጆች ስለማይጠይቁት ነገር ልንገርህ። የኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012 የውጭ ባለሀብት ለአንድ ፕሮጀክት ቢያንስ 200,000 ዶላር እንዲያመጣ ደንግጓል። ከአገር ውስጥ ባለሀብት ጋር ሲጣመር 150,000 ዶላር። አንዳንድ ዘርፎች ዝቅ ያለ ወለል አላቸው። ያንተ 3 ሚሊዮን ብር በዛሬ ምንዛሬ ከ30,000 ዶላር በታች ነው። የጅምላና የችርቻሮ ንግድም እስከ 2016 ዓ.ም. ድረስ ለውጭ ባለሀብት ዝግ ነበር፤ የተከፈተውም ከነቅድመ ሁኔታው ነው። ስለዚህ ጉጉት ያሳየህ የውጭ ሰው ሁሉ ገንዘብ ሊያስገባ ይችላል ማለት አይደለም። ትውልደ ኢትዮጵያዊ ከሆነ ነገሩ ይቀላል፤ ሕጉ እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት የመታየት ዕድል ይሰጠዋል። ግን ገንዘቡ በባንክ ይግባ፣ ሰነድ ይኑረው። በእጅ የመጣ ዶላር ነገ ድርሻውን ማስመስከር ሲያስፈልግ የለም።

ከኢንተርኔት አውርደህ የምታገኘውን «ሴፍ» የሚባል ውልም (ገንዘቡን ዛሬ ተቀብለህ ድርሻውን ወደፊት የምትሰጥበት) እንዳለ እንዳትፈርም። በ2013 እ.ኤ.አ. ዋይ ኮምቢኔተር የተባለው የአሜሪካ የስታርትአፕ ደጋፊ ድርጅት ለአሜሪካ ኩባንያዎች ብሎ ያዘጋጀው ነው። ያንተ ድርጅት ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ነው፤ የሚተዳደረው በኛ ንግድ ሕግ ነው። የኩባንያ ሥራ የሚያውቅ ጠበቃ ሳያየው ብዕር አታንሳ። ለጠበቃ የምትከፍለው ገንዘብ ይከብድሃል፣ አውቃለሁ። የተበላሸ ውል ግን ከዚያ ብዙ እጥፍ ያስከፍልሃል።

ወረቀትህንም አሁን አስተካክል። ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ክሊራንስ፣ የባንክና የቴሌብር ስቴትመንት፣ ከአከፋፋዩ ጋር ያለህ ውል። ከአከፋፋዩ ጋር የተስማማኸው በቃል ከሆነ በጽሑፍ አድርገው። ለግብር አንድ፣ ለኢንቨስተር ሌላ ሒሳብ መያዝ ብዙ ቦታ የተለመደ ነው። አንተ አትጀምረው። ሲያጣሩ ሁለቱ ይገናኛሉ፤ ያኔ ቁጥርህ ሁሉ ዋጋ ያጣል፣ ቅጣቱም አለ።

ምክሬ ይህ ነው። በአሁኑ ዴክ ከሦስት ሳምንት በኋላ አትቅረብ። የመጀመሪያውን ሳምንት ሱቆች ጋ ደውል፤ ስንቶቹ እንደቆዩ፣ ለምን እንደሚያዙ እወቅ። ሁለተኛውን ሳምንት ዴኩን ከባዶ ጻፈው። ሦስተኛውን ሳምንት ስለ ሥራህ ምንም የማያውቁ አምስት ሰዎች ፊት አቅርብ። «እንዴት ነበር?» ብለህ አትጠይቃቸው። በማግስቱ ደውልና «ምን እንደምንሠራ ንገረኝ» በል። አራቱ በትክክል ካልነገሩህ መክፈቻህን ቀይር። ሱቆቹን ቆጥረህ ብዙዎቹ በሁለት ወር እንደሚተዉህ ካወቅህ ደግሞ ቀጠሮውን ሰርዝ። ገንዘብ ያን አይጠግነውም፤ መጀመሪያ ለምን እንደሚሄዱ ፍታው።

ጥያቄ ላይ የማታውቀው ነገር ሲመጣ «ይህን አልለካሁትም፣ እስከ ዓርብ እልክልዎታለሁ» በል። ዓርብ ላክ። «እንገናኛለን» ካሉህ ደግሞ ዝም ብለህ አትውጣ። «ለመወሰን ምን ማየት ይፈልጋሉ?» ብለህ ጠይቅ። «100 ሱቅ» ካሉህ ቀጠሮ አገኘህ ማለት ነው። በየወሩ መጀመሪያ አምስት መስመር ላክላቸው፦ ንቁ ሱቅ፣ ትእዛዝ፣ ገቢ፣ የተበላሸ ነገር፣ የሚያስፈልግህ እርዳታ። የተበላሸውን አትዝለል። መልስ ባይሰጡህም ያነቡታል።

የዱባዩ ጓደኛህን መጨረሻ ላይ ያስቀመጥኩት ቀላል ስለሆነ አይደለም። በመመሥረቻ ጽሑፉ ላይ ሲሶው የእሱ ከሆነ፣ ኢንቨስተሩ የሚያየው ሥራ ላይ የሌለ ሰው ሲሶ እንደያዘ ነው። ካፒታል ለማሳደግ፣ አዲስ ባለድርሻ ለማስገባት የአባላት ውሳኔ ያስፈልጋል፤ እሱ ቃለ ጉባኤ ላይ መፈረም ወይም ሰው መወከል አለበት። ዱባይ ካለው የኢትዮጵያ ቆንስላ ውክልና መላክ ይቻላል፣ ግን ቀናት ይፈጃል። ድርሻውንም ተነጋገሩበት። አንድ ዓመት ሠርቶ ከሆነ ለሠራው ይያዝለት፣ የቀረው ለሚሠሩት ይመለስ፣ በውልና ማስረጃ ይጽደቅ። ገንዘብ ከመጣ በኋላ ይህን ወሬ ማንሳት ጓደኝነትን ያፈርሳል። አሁን ግን 3 ሚሊዮኑ ገና የለም፤ በሰላም መነጋገር ይቻላል። ዴኩ ነገ ይደርሳል። ለእሱ ግን ዛሬ ማታ ደውልለት።